ባዶ ሚስማሮች

«ባልሽ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ያንቺ ነበር። አልሞተም። እኔ ምን ላድርግሽ?» አለ ትኬት ሻጩ ሻዩን እያማሰለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ስለ አየሩ ሁኔታ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ከመስኮቱ ማዶ የቆመችው ሴት ክርኗን ጠርዙ ላይ አስደግፋ ትንሽ አየችውና «ታዲያ ልግደለው?» አለች። ትኬት ለመግዛት የተሰለፉት ጎብኚዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ሻርፗን አጣፍታ ቁልቁለቱን ወረደች። አስጎብኚዋ ከበሩ ጀርባ የደንብ ልብሷን እየቆለፈች ይህን ሁሉ ሰማች፤ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ክው ብላ ቀረች። ሰው በሕይወት በመኖሩ ሲከሰስ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወርቅ ማዕድኑ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ወርቁ ሲያልቅ ኩባንያው መሣሪያውን ነቅሎ ሄደ፤ ለከተማዋ የቀሩላት አፉን የከፈተ ጉድጓድ፣ ከቤት በላይ የተቆለለ የድንጋይ ክምር፣ ኩባንያው ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ተያያዥ ረድፍ ቤቶችና የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸው ውስጥ የተጋገረባቸው ወንዶች ናቸው። ኋላ የቅርስ ጽሕፈት ቤት የሚባል መጣ። ከመሬት በታች የሚሸጠው ቢያልቅ ከመሬት በላይ ታሪክ የሚባል ዕቃ መኖሩን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ለአስጎብኚዋም እንጀራ ስለሆኗት አታማቸውም። ቅዳሜና እሑድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይመጣል። የአንዱ ትኬት የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ ያህላል። ጎብኚው ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይተክዛል፣ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ጎብኚው እንዲያድር ረድፍ ቤቶቹ ታድሰው የእንግዳ ማረፊያ ሊሆኑ ነውና ነዋሪው ዝናቡ ሳይገባ እንዲለቅ ተነግሮታል። የማይነኩት ባሎቻቸው ጉድጓድ ውስጥ የቀሩባቸው ሴቶች ብቻ ናቸው። እነሱ «ሕያው ቅርስ» ተብለው ዕድሜ ልካቸውን እቤታቸው ይኖራሉ፤ በምትኩ ጎብኚ ሲመጣ ተቀብለው ታሪካቸውን ይነግራሉ። የሞተ ተጎዳ ይባላል። እዚህ ሰፈር ግን የተጎዳው ያልሞተው ነው።

የአስጎብኚዋ አባትና እናት የላይኛው ረድፍ ነዋሪዎች ናቸው። አባቷ ጉድጓድ ወርደው፣ ወጥተው፣ ጡረታ የሌለው ሳል ተሸክመው የተቀመጡ ሰው ናቸው። የልቀቁ ትእዛዝ የወጣ ሰሞን ለእናቷ ብትደውል «እኛን አይተውልናል፤ አታስቢ» አሏት። የአባቷ ሳንባ የታየላቸው መሰላትና ተመስገን ብላ ዝም አለች። ደግ ነገር ሲመጣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? እሷ የምትኖረው ከድልድዩ ማዶ፣ አዲሱ ሰፈር፣ ከባሏ ጋር በተከራዩት ቤት ነው። እናት አባቷን የምትጠይቀው እሑድ ማታ ነበር፤ እናቷ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ «ስትመጪ ደውዪ፣ ከመሸ ነይ፣ በጓሮ በር ግቢ» ማለት አምጥተዋል። እርጅና ያመጣው ጠባይ ነው ብላ አለፈችው። አባቷም ሳሎን መቀመጥ ትተው፣ ወንበራቸውንም ቴሌቪዥናቸውንም አስገብተው፣ ከጓዳ የማይወጡ ሆነዋል፤ ብርድ ፈርተው ነው ተባለ። ይህንንም አመነች።

የዚያን ቀን ጠዋት ታዲያ ኃላፊዋ ጠራቻት። ኃላፊዋ ከዋና ከተማ የተላከች፣ ሁልጊዜ በችኮላ የምትራመድ፣ ሰው ስታመሰግን ትከሻ የምትመታ ሴት ናት። «ጉሮሮ ታማለች» አለቻት። ጉሮሮ የሚሏት በድምፅዋ ጉልበት የታወቀች ሌላዋ አስጎብኚ ናት፤ በዚህ ወቅት የተከፈተው የላይኛው መንገድ የእሷ ነበር። «ዛሬ የላይኛውን አንቺ ትመሪዋለሽ። ቀላል ነው፤ ሰሌዳው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከዚያ ረድፍ ቤቱ። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ራሳቸው ይናገራሉ፤ አንቺ ዝም ብለሽ መቆም ነው። መሐረብ ያዢ፤ ሁሉም ነው የሚያለቅሰው።» ትከሻዋን መታ አድርጋት ሄደች።

ሁሉም ጉብኝት የሚጀምረው ከማዕድኑ በር ሥር ካለው ሰሌዳ ነው። ወርዱ የግድግዳውን ግማሽ የያዘ፣ ጥርብ እንጨት ላይ በተርታ ሚስማር የተመታበት ሰሌዳ ነው፤ ከየሚስማሩ ሥር በቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ፣ ቀለሙ ለቋል። አንዳንዱ ሚስማር ላይ የሳንቲም መጠን ያለው፣ ቁጥር የተመታበት ክብ ናስ ተንጠልጥሏል፤ ብዙው ባዶ ነው። አስጎብኚዋ ይህን ክፍል በቃሏ ታውቀዋለች፤ በእንቅልፏም ትለዋለች። «እያንዳንዱ ሠራተኛ ጠዋት ሲወርድ ቁጥሩን ከሚስማሩ አንስቶ ኪሱ ይከታል። ማታ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። ጠባቂው ሰሌዳውን አይቶ ማን ታች እንዳለ፣ ማን እንደወጣ ያውቃል። እነሆ ባዶ የምታዩት ሚስማር ሁሉ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ነው።» እዚህ ላይ ዝም ትላለች። ይህችን ዝምታ ራሷ ናት የፈጠረቻት፤ ትኮራባታለች። ጎብኚዎቹ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የዚያን ቀን አንድ አበባ የያዙ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ደግሞ ስልኳን አውጥታ ባዶዎቹን ሚስማሮች አንድ በአንድ ቀረጸች።

ቀጥሎ መታጠቢያ ቤቱ ነበር። ሠራተኞቹ ሲወጡ ራቁታቸውን ተሰልፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ጸጉራቸውን አራግፈው የሚፈተሹበት ነው፤ በጥርስ መካከል የወርቅ ብናኝ ይዘው እንዳይወጡ። ጎብኚዎቹ በዚህ ሳቁ፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ፎቶ ተነሳ። አስጎብኚዋ አባቷ ስለዚህ ቤት የሚሉት ትዝ አላት፤ «ወርቁን ከአፋችን ለቅመው ወሰዱ፤ ድንጋዩን ግን ከሳንባችን ውሰዱልን ብንላቸው እምቢ አሉ» ይሉ ነበር። ይህን ለጎብኚ ተናግራ አታውቅም። ወረቀቱ ላይ የለም።

ረድፍ ቤቱ ሲደርሱ፣ በቀን ብርሃን ካየችው ሰንብታለችና፣ ያደገችበትን መንገድ ለማወቅ ተቸገረች። ድንጋይ ንጣፉ ታጥቧል፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ተቀብተዋል፤ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የሕፃን ብስክሌት፣ የተሰበረ ባልዲ፣ ሰው ይኖርበታል የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ተጠርጓል። መኪና እንዳይገባም ታች፣ ከሰሌዳው ማዶ፣ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ከየበሩ በላይ የጥንቱ የሠራተኛ ቁጥር ደምቆ ተጽፏል። ኩባንያው ቤት ሲሰጥ በሠራተኛው ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ የሚስማሩ ቁጥርና የበሩ ቁጥር አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ «የመጨረሻው ማረፊያ» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አነበበችና ቀና ስትል የእናቷ በር ፊት ቆማለች። በሩ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ «የሟች ባለቤት መኖሪያ» ይላል።

መጀመሪያ ያሰበችው እናቷ ሳሎኑን አከራይተዋል ብላ ነው። ሰው መጥፎውን ነገር ወዲያው አያስብም። ጎብኚዎቹን አስከትላ ገባች፤ ገብታም ደርቃ ቀረች። ሳሎኑ ተራቁቷል። ቴሌቪዥኑ፣ የአባቷ የተሸነቆረ ወንበር፣ መድኃኒት የሚደረደርበት መደርደሪያ የለም። በቦታው አሮጌ ፋኖስ፣ የብረት አካፋ፣ ጭቃ የደረቀበት ቦት ጫማ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ የአባቷ የወጣትነት ፎቶ ጥቁር ጨርቅ ታስሮበት ተሰቅሏል። እናቷ ከሥሩ ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ሻል ደርበው ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ ክር አለ፣ ጫፉ ጥቁሩ ልብስ ውስጥ ገብቷል። እናትና ልጅ ተያዩ። አስጎብኚዋ አፏን ከፈተች፤ እናቷ በዓይናቸው ብቻ፣ በልጅነቷ በሰው ፊት ስታጠፋ በሚያዩዋት ዓይን፣ ዝም በይ አሏት። ዕድሜዋ ስንት ቢሆን፣ የደንብ ልብስ ብትለብስ፣ ያንን ዓይን መቃወም አልቻለችም። አፏ ተመልሶ ተዘጋ።

«ያን ቀን ጠዋት ሻዩን ሳይጨርስ ነበር የወጣው» ብለው ጀመሩ እናቷ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ማታ ሲመጣ ይጨርሰዋል ብዬ ስኒውን ከደንኩት። ማታ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ የለም አሉኝ። ይኸውና እስከ ዛሬ ስኒ መክደን አይሆንልኝም።» ቀይ ኮፍያዋ ሴት እንባዋ ወረደ። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አስጎብኚዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። አባቷ ሻይ አይወዱም፤ ሻይ የሚጠጡት ሲታመሙ ብቻ ነው፣ ያንንም እየተለመኑ። እናቷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትዋሽ ሲይዟት አፏ ላይ በርበሬ የሚያሹ፣ ከሱቅ ትርፍ መልስ ሲሰጣቸው ዝናብ ውስጥ ተመልሰው የሚሄዱ ሴት ናቸው። እኚህ ሴት አሁን ያልሞተ ባላቸውን ያለቅሳሉ፤ ያውም አሳምረው። አበባ የያዙት ሽማግሌ ቀረብ ብለው አበባውን ከፎቶው ሥር አስቀመጡና «ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አሉ። «አሜን» አሉ እናቷ። ያቺ አሜን ከሁሉም በላይ አስደነገጠቻት።

በዚህ መሐል ከጓዳ ሳል ተሰማ።

የታፈነ ሳል ነበር፤ ትራስ ላይ የሚሳል ዓይነት። ሁሉም ወደ መጋረጃው ዞረ። «ሰው አለ እንዴ?» አለች ቀይ ኮፍያዋ። «ጎረቤት ነው» አሉ እናቷ ሳይቸኩሉ፤ «ግድግዳው ስስ ነው፣ ኩባንያው ቆጥቦ ነው የሠራው።» ጎብኚዎቹ በኩባንያው ስስት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳሉ ግን አልቆመም። ተያያዘ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ሳል መሆኑ ቀርቶ የሆነ ነገር የሚጎተት መሰለ። አስጎብኚዋ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ አባቷ ሲብስባቸው የሚያሰሙት ነው። ምን እንደምትል ሳታስብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ጉሮሮን እስክታስንቅ ድረስ፣ «አሁን ውጭ ወጥተን የድንጋዩን ክምር የምናይበት ጊዜ ነው! ፎቶ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም!» አለች። እየገፋች አስወጣቻቸው። ሳሉን በድምፅዋ እንደሸፈነች የገባት በሩን ስትዘጋ ነው። እሷም ገባችበት ማለት ነው።

መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች። የጓዳው መስኮት በጣውላ ተመትቷል፤ ውጭ ፀሐይ እያለ መብራት በርቷል። ቴሌቪዥኑ፣ ወንበሩ፣ መድኃኒቱ፣ የተጠረገው ሕይወት ሁሉ እዚያ ተከምሯል፤ በመካከሉ አልጋ አለ፣ አልጋው ላይ አባቷ ትራስ አቅፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ነው። ከአልጋው ራስጌ በሰሐን የተከደነ የሻይ ብርጭቆ ነበር። አባቷ ሲያዩዋት ልጅ ሲያጠፋ እንደሚያደርገው ትራሱን ከጀርባቸው ደበቁ።

«ዛሬ ጉሮሮ የለችም እንዴ?» አሉ፣ በየቃሉ መሐል አየር እየፈለጉ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሞተሃል እኮ! እዚያ ተሰቅለህ አበባ አስቀመጡልህ!»

«ሰምቻለሁ። አበባው ምን ዓይነት ነው?» አሉና ሊስቁ ሲሉ ሳሉ መለሳቸው።

ሳሉ ጋብ ሲል እየቆራረጡ ነገሯት። ጉድጓዱ የተናደ ጊዜ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ እሱ እውነት ነው፣ እያንዳንዳቸውን ያውቋቸዋል። ግን ማዕድኑ በተዘጋበት የመጨረሻ ቀን የእሳቸው ፈረቃ ሲወጣ በሰሌዳው አጠገብ ጠባቂ አልነበረም፤ እሱም ተሰናብቶ ሄዷል። ቁጥራቸውን ቢሰቅሉ ማን ያይላቸዋል? አንዱ «ለመታሰቢያ እንያዘው» አለ፣ ሁሉም እየሳቀ ኪሱ ከተተ። ጽሕፈት ቤቱ ሲመጣ ባዶውን ሚስማር ሁሉ በሞት ቆጠረና፣ የልቀቁ ትእዛዝ ሲወጣ ቁጥሩ ወደተጻፈበት በር መጣ። «እናትሽ ዋሽታ አልጀመረችም። እነሱ ናቸው በር ላይ ቆመው ነፍስ ይማር ያሏት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ዝም አለች። ልጅ አለሽ ሲሏት ሩቅ ናት አለች። እሷ ነች ዋሾ ብትዪ ሚስማሩስ?» አሉ።

አስጎብኚዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባዶ ሚስማር ሁሉ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ነው። ስንት ዓመት አለችው? ስንት ሰው ኮፍያ አስወለቀች? የልጅነት በሯን ቁጥር እያወቀች አንድም ቀን ያንን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ፈልጋ አታውቅም። ቤት ቁጭ ብሎ የሚስልን ሰው ከሟች መሐል ማን ይፈልጋል? አባቷን በገዛ አፏ፣ በዚያች በምትኮራባት ዝምታ፣ በቀን ሁለቴ ስትቀብራቸው ኖራለች። አየር እንዲገባላቸው ብላ ተነስታ የጓሮውን በር ከፈተችው።

ጓሮው ውስጥ ሟቾቹ ተቀምጠው ነበር። በጠባቡ መተላለፊያ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ የረድፉ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል፤ በልጅነቷ ከረሜላ የሚሰጧት፣ ብስክሌቷን የሚጠግኑላት፣ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እያንዳንዳቸው መሐረብ አፋቸው ላይ ይዘዋል። በመካከላቸው በጠርሙስ ክዳን የሚጫወቱት ዳማ አለ፤ ክዳኑ እንዳይንኳኳ ገበታው ላይ ጨርቅ አንጥፈዋል። ሲያዩዋት ክፍል ሲረብሹ እንደተያዙ ተማሪዎች ቀጥ አሉ። አንደኛው መሐረቡን ዝቅ አድርጎ «አለፉ?» አላት በሹክሹክታ።  በሩን መልሳ ገርበብ አደረገችው።

ዞር ስትል እናቷ መጋረጃው ሥር ቆመዋል። «ሐኪም ቤት አሁን እንወስደዋለን» አለች አስጎብኚዋ። እናቷ «ይመሽና ይሄዳል። በማታ ነው የምናወጣው» አሉ። ሁለቱም በሹክሹክታ ነበር የሚጣሉት፤ ጎብኚዎቹ ደጅ ናቸው።

«እማዬ፣ ከንፈሩን እዪው! እስኪመሽ አይደርስም።»

«አይቻለሁ። ካንቺ በፊት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳየው ነው ያደርኩት» አሉ እናቷ፤ ዓይናቸው ቀላ። «መንገዱ አንድ ነው፤ በሰሌዳው በኩል። በቀን በዚያ ካለፈ ሁሉም ያየዋል። ቤቱ ሄደ ማለት ነው። ከሐኪም ቤት ሲመለስ የት ይተኛል? ያንቺ አንድ ክፍል ውስጥ? እኔ ብቻ ብሆን ደግ፤ እነዚያ ጓሮ ያሉትስ? የኛ ውሸት ከተገለጠ የሁሉም ቤት ነው የሚገለጠው። አንቺ እውነት ተናግረሽ ማዶ ትሄጃለሽ።»

እናቷ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር።  የአባቷ ደረት ሲያፏጭ ብቻ ይሰማል። ከደጅ ደግሞ ቀይ ኮፍያዋ ሴት «ቆይ፣ አንድ ሌላ ላንሳሽ» ስትል ሰሙ።

አባቷ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው አጠለቁ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩና እጃቸውን ዘረጉ። «ቁጥሬን ስጪኝ» አሉ።

«ለምንህ ነው?»

«ልወጣ ነዋ። የወጣ ሰው ይሰቅላል።»

የእናቷ እጅ በአንገታቸው ክር ታስሮ ልብሳቸው ውስጥ ካለው ናስ ላይ አረፈ። እዚያች ክር ላይ ሳሎኑም፣ ጓዳውም፣ ስልሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዕድሜያቸውም ተንጠልጥሏል። ኋላ ክሩን በራሳቸው ላይ አውልቀው ለባላቸው ሰጡ። አላለቀሱም። ለጎብኚ ብቻ ሲያለቅሱ ከርመው እንባው ያለቀባቸው ይመስሉ ነበር። «ብርድ ነው» ብለው ጥቁሩን የሐዘን ሻል ከትከሻቸው አንስተው ሟቹን አለበሷቸው።

አስጎብኚዋ ለባሏ ደውላ መኪና ይዞ ሰንሰለቱ ጋ እንዲቆም ነገረችው፤ በረድፉ መኪና አይገባም። አባቷን በብብታቸው ደግፋ በፊት ለፊት በር ወጣች። ፀሐዩ ዓይናቸውን ወጋቸውና እንደ ጥንቱ፣ ከጉድጓድ እንደወጣ ሰው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ጎብኚዎቹ ዞሩ።  ፎቶው ላይ ያለው ፊት ሸብቶ፣ ጥቁር ሻል ለብሶ፣ መሐላቸው ቆሟል። አበባ ያስቀመጡት ሽማግሌ አንዴ በሩን፣ አንዴ ሰውዬውን አዩ። ከጎረቤት አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችና በሯን ድርግም አድርጋ ዘጋችው፤ ድምፁ በረድፉ ሙሉ አስተጋባ። አስጎብኚዋ የዚያ በር ድምፅ ለማን እንደሆነ ታውቃለች፤ አንገቷን ደፍታ መራመድ ቀጠለች።

ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት። በየጥቂቱ እየቆሙ፣ አባቷ አየር እየለመኑ። ጎብኚዎቹ ከኋላ ተከተሉ፤ በመጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ በኋላ ስልካቸውን አውጥተው። «እንዲህ መሆኑን አልጠበቅኩም» አለች ቀይ ኮፍያዋ አጠገቧ ላለችው ጎብኚ በለሆሳስ፤ «ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።» አስጎብኚዋ ዞራ መናገር ፈለገች፤ ግን የአባቷ ክብደት ሁሉ ትከሻዋ ላይ ነበር። ሰሌዳው ጋ ሲደርሱ አባቷ ቆሙ። «እንሂድ፣ መኪናው ደርሷል» አለቻቸው። አልሰሟትም። ዓይናቸውን አጥብበው፣ በባዶዎቹ ሚስማሮች መሐል ከላይ ወደ ታች ፈለጉ፤ አገኙት። ናሱ ሚስማሩን ደጋግሞ ይስታል። ልትይዝላቸው እጇን ብትዘረጋ በክርናቸው ገፏት፤ ቁጥሩን የሚሰቅለው ባለቤቱ ነው። በስንት ሙከራ ክሩ ሚስማሩን ያዘ። ናሱ እንጨቱን ቀጭ አደረገውና መወዛወዝ ጀመረ።

ያኔ ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ።

አስጎብኚዋ መጀመሪያ ድምፁ ምን እንደሆነ አልገባትም። ዞራ አየች፤ ሁሉም እያጨበጨበ ነው፣ ከልቡ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አበባ ያስቀመጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ። ኃላፊዋ የጭብጨባውን ድምፅ ሰምታ ከቢሮዋ ወጥታ በችኮላ መጣች፤ ሰሌዳውን፣ ሻል የለበሱትን ሽማግሌ፣ የጎብኚዎቹን ፊት አየች፤ ፊቷ በራ። «ይሄን ማን አሰበው? አንቺ ነሽ?» ብላ የአስጎብኚዋን ትከሻ መታች። «ግሩም ነው! እኚህን አባት ከየት አገኘሻቸው? ሲስሉ እኮ እውነት ነው የሚመስለው። ለነገም ይምጡልን። በየቀኑ ይሁን።»

አስጎብኚዋ አፏን ከፈተች። ሥራዋ መናገር ነው፤ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰሌዳ ፊት ስትናገር ነው የኖረችው። አንድ ቃል አልወጣትም። አባቷ በትከሻዋ ላይ ተንጠልጥለው ያፏጫሉ። ባሏ ከሰንሰለቱ ማዶ የመኪናውን በር ከፍቶ ይጣራል።

እናቷ በጎብኚዎቹ መሐል እየተጋፉ መጡ። የአባቷን ካፖርትና መድኃኒት ይዘዋል፤ ያለ ሻሉ ትከሻቸው ትንሽ ነበር። ኃላፊዋ አወቀቻቸው፤ ፈገግታዋ ሳይጠፋ፣ ጥያቄ መሰለ።

«ባሌ ነው» አሉ እናቷ።

«ይቅርታ፣ እናቴ?»

«ባሌ ነው። በሕይወት አለ። መንገድ ልቀቁ።»

ኃላፊዋ እጇ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። ከፊት የቆሙት ጎብኚዎች ማጨብጨባቸውን አቆሙ፤ አበባ ያስቀመጡት ሽማግሌ ኮፍያቸውን ሊያወልቁ ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። እናትና ልጅ አባትየውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ሰንሰለቱ አለፉ። ከኋላ ያሉት ግን አልሰሙም ነበርና መኪናው እስኪነሳ ድረስ ያጨበጭቡ ነበር።